የአደራው ካፖርት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ሞተር ብስክሌቱን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ያረጀ የቆዳ ጃኬት በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ስፌት ቤቴ ገባ። ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው ሽታው ቀድሞ ተነሣ፤ ያረጀ ቆዳ፣ ቤንዚን፣ ከሥሩ ደግሞ ፀሐይ የመታው አቧራና የሰው ላብ። መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አይቸኩልም» አለኝ። «ከሰንበቴ ስመለስ እወስደዋለሁ።»

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ኧረ ሰው ይጠብቀኛል!»

«ይጠብቅህ። አሁን እጨርስልሃለሁ። ልብስህን እኔ ዘንድ ጥለህ ሰንበቴ ገበያ አትወርድም።»

ሣቀብኝ። «ምነው፣ የምረሳው መሰለሽ?» አለና ግድግዳው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ቆዳ የሚበሳ ወፍራም መርፌ ፍለጋ መሳቢያውን መበርበር ያዝኩ። እጄ መርፌ ይፈልጋል፤ ልቤ ግን ሄዷል። ያ ሽታና ያ ቃል አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ አያ ይመር ከነካፖርቱ ፊቴ ቆመ።

አያ ይመር በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበር፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያስል እንሰማዋለን፣ ስንጣላ ይሰማናል። ከሚሴ ያኔ ባጃጅ አልገባባትም። ሰውንም ዕቃውንም የሚያመላልሰው ጋሪ ነው፤ ከደሴ የወረዱት የጭነት መኪኖች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ይውላሉ፣ ጎማ የተነፈሰባቸው ሹፌሮች ወደ አያ ይመር ይልካሉ። ጎማ ይለጥፋል። የማይለጠፈውን ደግሞ በስለት እየቆረጠ በረባሶ ይሠራበታል። ጨፋ ሜዳ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ብዙው የሚጫማው የአያ ይመርን በረባሶ ነበር። ግቢው ሁልጊዜ የማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ ሽታ አለው፤ እናቴ «ልብሴን ሁሉ ጎማ ጎማ አሸተተው» እያለች ታማርራለች፣ እኔ ግን ያን ሽታ እወደው ነበር።

ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ሹፌራችን ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ አሮጌዎቹን ጎማዎች በሁለት ረድፍ ያስተኛልናል፤ እኛ እንሳፈራለን። እሱ ከፊት ተቀምጦ የድስት ክዳን መሪ ያደርጋል፣ በአፉ ሞተር ያስነሣል፣ በሌለ ማርሽ እጁን ይጥላል። «ደሴ! ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዷል፣ መስኮት ዝጉ!» ይላል። እንዘጋለን። «ኮምቦልቻ! ወራጅ አለ?» ይላል። «የለም!» እንላለን። «ሐርቡ! የሚገዛ ከመስኮት ይግዛ፣ ሞተር አላጠፋም!» ከዚያ ትንሽ እንደነዳ ክዳኑን ጉልበቱ ላይ ያስተኛውና «ከሚሴ! ሁላችሁም ውረዱ!» ይላል። ጉዞው ሁልጊዜ እዚያ ያበቃል።

አንድ ቀን ከመሃላችን አንዷ «አያ ይመር፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ሰንበቴ ቀጥል!» አለችው። ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወደዚያ የሚነዳው ከድር ነው» አለና ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። የዚያን ቀን ጎማዎቹን የሚያነሣ ሰው ጠፍቶ አደሩበት።

እሱ ራሱ መኪና ላይ አይወጣም። ሩቅ ለቅሶ ቢኖርበት እንኳ ወይ በበቅሎ ወይ በጋሪ ነው። በጎማ የሚኖር ሰው መኪና መሸሹ ሹፌሮቹን ያስቃቸው ነበር። «ግባ እንጂ አያ ይመር፣ አይነክስህም!» ይሉታል። «እሱስ አይነክሰኝም፤ መንገዱ ነው የሚያውቀኝ» ይላቸዋል። ይህን ሲል አይስቅም።

ካፖርቱ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ አያ ይመር ከቆርቆሮ ሣጥኑ አንድ ረጅም ጥቁር የቆዳ ካፖርት ያወጣና ግቢው ውስጥ ካለው ሽቦ ላይ ያሰጣዋል። ቆዳው ደርቆ እጅጌዎቹ ተገትረው ስለቀሩ፣ ከሩቅ ላየው ራስ የሌለው ሰው የቆመ ይመስላል። ከጨፋ በኩል ነፋስ ሲመጣ ትከሻውን ያነቃንቃል። የሰፈሩ ውሻ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽበት ይውላል። እኛ ልጆች ጥላውን አንረግጥም፤ ማን እንደከለከለን እንጃ። አያ ይመር ያን ቀን ሥራ አይሠራም። እንግዳ እንደመጣበት ሰው ንጹሕ ሽርጥ አገልድሞ ከካፖርቱ አጠገብ ይቀመጣል።

«አያ ይመር፣ የማን ነው?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«የከድር።»

«ከድር የት ነው?»

«ሰንበቴ ሄዷል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ቀና ብሎ ካፖርቱን አየው። «ገሊ ኢንተሎ፣ ግቢ ወደ ቤትሽ፣ እናትሽ ትጠራሻለች» አለኝ። እናቴ አልጠራችኝም ነበር።

እኔ ደግሞ የዋህ፣ ከድርን ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ! የሰንበቴ ገበያ በዋለበት ምሽት ፍየል የጫኑት መኪኖች ሲገቡ አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ከላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ እያየሁ፣ ትከሻው ሰፋ ያለውን «ይሄ ይሆን?» እላለሁ። ካፖርቱ የሚልቅበት ሰው እንዳይሆን እሰጋ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ የጠበቀ ልብስ ልኩ ባይሆን ያሳዝናላ።

በጥያቄ ሳሰለቻት እናቴ ነገረችኝ። ከድርና አያ ይመር በንጉሡ ጊዜ የአንድ ነጋዴን የጭነት መኪና በተራ የሚነዱ ባልንጀሮች ነበሩ። ደሴ ላይ አንዱ፣ ከሚሴ ላይ ሌላው መሪ ይቀበላል። ከድር በልጅነቱ ከቆላ ብቻውን የወጣ፣ ዘመድ የለኝም የሚል ሰው ነው። ካፖርቱን አሰብ ላይ ከመርከብ ከወረደ ሰው ገዝቶት፣ ሲለብሰው ቀኝ ትከሻውን ቀደም እያደረገ ነበር የሚራመደው። አንድ ኅዳር ላይ፣ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ የመንዳቱ ተራ የአያ ይመር ሆኖ ሳለ፣ ወባ ጣለው። ጥርሱ እየተጋጨ ሲንቀጠቀጥ ከድር ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው። «ተኛ፣ ተራህን እኔ እነዳልሃለሁ። ከሰንበቴ ስመለስ እወስደዋለሁ። አደራ ታዲያ፣ በላብህ እንዳታበሰብሰው!» ብሎ ሣቀበትና ሄደ። የጨፋ ሜዳ ሲያልቅ ካለችው ኩርባ ላይ ከብት መንገድ ገባበት። ለከብቱ ብሎ መሪ ጠመዘዘ። ከብቱ ተረፈ፤ መኪናው ከነከድር ወደ ታች ተገለበጠ። አያ ይመር ትኩሳቱ ለቆት ሲነቃ ካፖርቱ ላዩ ላይ ነበር፤ ባለቤቱ ተቀብሯል።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይከርምም። በስሙ ሰደቃ ይወጣል፤ የታረዘ ይለብሰዋል፣ ለሟቹ ዱአ ያደርግለታል። የሰፈራችን ሼህ አያ ይመርን ባገኙት ቁጥር ይህን ይሉታል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አንተ ይመር፣ አውጣለት እንጂ። የሟች ልብስ እኮ ነው!»

«ሼህዬ፣ ሲሰጠኝ ሟች አልነበረም። አደራ ብሎ ነው የሰጠኝ። የሰውን አደራ እንዴት አድርጌ ሰደቃ ላውጣው? ለባለቤቱ ነው የምመልሰው።»

«ባለቤቱ አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ አንተ ሰውዬ!»

«እንግዲያ እስክንገናኝ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

የአያ ይመር ሚስት እትዬ መዲና ይህን በሰማች ቁጥር የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ልጅ አልወለዱም፤ እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ ናቸው። «እስክንገናኝ ይላል» ትላታለች እናቴን። «የት ነው የሚገናኙት? በይ ንገሪኝ ሀዋ፣ የት ነው የሚገናኙት?»

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ኅዳር ነበር፣ ማሽላው ሊታጨድ ደርሷል፣ ወባውም እንደልማዱ በየቤቱ ገብቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎረምሳ መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ከተማዋን ዞራት። የጥንት መኪኖች እሽቅድምድም ሊደረግ ነው። ከደሴ ተነሥተው በእኛ በኩል ያልፋሉ፤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ለቀው ይሽቀዳደማሉ። ሹፌሮቹ የመኪናቸውን ዘመን ልብስ ለብሰው ነው የሚነዱት። «የጥንት ሹፌር የሆናችሁ፣ የጥንት ልብስ ያላችሁ፣ ለብሳችሁ ተቀበሉን! ለባሹን እስከ ሰንበቴ አሳፍረን እንወስዳለን!»

ከተማው ሣቀ። «አያቴ የሞቱበትን ቦላሌ ልልበስ እንዴ?» ይላል አንዱ። «አንተማ ምን ቸገረህ፣ አሁን የለበስከውም ጥንት ነው!» ይለዋል ሌላው። አንድ ሹፌር ጎማ እያስለጠፈ፣ እንደ ዋዛ «አያ ይመር፣ ያን ጥቁር ልብስህን ግጥም አድርገህ ውጣ እንጂ!» አለው።

አያ ይመር በረባሶ እየቆረጠ ነበር። ስለቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እስከ ሰንበቴ ነው ያለው?»

«እስከ ሰንበቴ።»

«እወጣለሁ» አለ።

ሣቁ እዚያው ደረቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። «ይመር አደራውን ሊያደርስ ነው» ይላሉ። ለማን እንደሚያደርስ ግን ከአፉ የሚያወጣው የለም።

በማግሥቱ ካፖርቱን ተሸክሞ ወደ እናቴ መጣ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔም ሙያውን ማንም ሳያስተምረኝ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ነው የለቀምኩት። ገበሩ ተበልቷል፣ የአንገቱ ስፌት ተፈትቷል። እናቴ ኪሱን ስትገለብጥ አንድ የወይራ መፋቂያ ወደቀ። ጫፉ በጥርስ የተኘከ፣ የደረቀ። ሦስታችንም ዐየነው። የሰው አፍ ገና ከሱ የወጣ ይመስል ነበር።

«ይጣል?» አለችው እናቴ ቀስ ብላ።

«መልሺው። የሱ ነው» አላት።

የአንገት ሻሽ፣ ባት ላይ የሚታሰር የቆዳ ገምባሌ፣ የአቧራ መነጽር ደግሞ ከራሱ ዕቃ አወጣ። እነዚህ የሱ ናቸው፤ ድሮ መስታወት በሌለው መኪና ሲነዳ ያደረጋቸው። መነጽሩን ወልውዪው ብሎ ለኔ ሰጠኝ። በአመድና በጨርቅ ስወለውለው ዋልኩ፤ አንዱ ጥግ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን አልለቅ አለኝ። ዓይኔ ላይ ሳደርገው ግቢው ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ ሊዘንብ ሲል እንደሚሆነው ያለ ቢጫ።

አያ ይመር እንደሄደ እትዬ መዲና በጓሮ በር ገባች።

«ሀዋ፣ አትጨርሽው።»

«ምኑን?»

«እያወቅሽ አትጠይቂኝ። የስፌት መኪናው ተበላሸ በይው። መርፌ ተሰበረ በይው። እነዚያ ሰዎች እስኪያልፉ ነው።»

እናቴ ፔዳሉን አቆመች። «መዲና፣ ሰው አሳፍረው ሊወስዱት እኮ ነው። እሱ አይነዳም። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል።»

«በዚያ መንገድ ነው! በኅዳር ነው! ያን ለብሶ ነው!» እትዬ መዲና ካፖርቱን በጣቷ ነካችውና እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው መለሰች። «እኔ ይህን ልብስ እንደ ጣውንት አብሬው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እንደሚወስድብኝ አውቀው ነበር።»

«አስተግፊሩላህ በይ!»

«አስተግፊሩላህ» አለች እትዬ መዲና። አላለቀሰችም። እናቴ መልሳ ፔዳሉን ረገጠች፤ የዚያን ቀን መርፌው ቆዳውን ሲበሳ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም አለብኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሚስማር እንደመምታት ያለ።

በእሽቅድምድሙ ቀን ጠዋት አያ ይመርን ያለበሰችው እትዬ መዲና ናት። እኔ መነጽሩን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ገምባሌውን በርከክ ብላ አሰረችለት። ሻሹን በአንገቱ ዞራ ቋጠረችለት። ካፖርቱን ግን አልነካም አለች፤ ራሱ ለበሰው። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆለፋቸው፣ እጅጌውን ሳብ አደረገ፤ ልክ በልኩ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ቀደም አለ። እንዲህ ሲራመድ ዐይቼው አላውቅም። እትዬ መዲናን ዐየኋት፤ ዐይታለች።

አስፋልቱ ዳር ከተማው በሙሉ ወጥቷል። አንድ ድሮ ጫኝ የነበሩ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሃል አያ ይመርን ሲያዩ «ከድር!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ማንም አልሣቀም።

መኪኖቹ ከሐርቡ በኩል መጡ። እንዲህ ያለ ነገር ዐይተን አናውቅም። ጎማቸው እንደ ብስክሌት ጎማ የቀጠነ፣ አፍንጫቸው የረዘመ፣ መብራታቸው እንደ እንቁራሪት ዓይን የወጣ። ወንዶቹ ጆሮ የሚሸፍን የቆዳ ቆብ ደፍተዋል፤ አንዲት ሴትዮ ትልቅ ባርኔጣዋን በሻሽ ከአገጯ ሥር አስራለች። ልጆች በሣቅ ፈረሱ። ከመኪኖቹ መሃል አንዲት ክፍት፣ ደም የመሰለች ቀይ መኪና ነበረች። ባለቤቷ አዛውንት ናቸው፤ ወርደው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብስ ደርበውላቸው ይንቀጠቀጣሉ።

«ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አለ ያ ባለ ድምፅ ማጉያ ጎረምሳ። «መንዳት አይችሉም።»

አዛውንቱ ቀና ሲሉ ዓይናቸው አያ ይመር ላይ ዐረፈ። ከመነጽሩ እስከ ገምባሌው ዐዩት። «የጥንት ሹፌር ነህ?» አሉት።

«ነበርኩ።»

«እንዲህ ያለውን ነድተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ተራዬን አንተ ንዳልኝ። እስከ ሰንበቴ ብቻ።»

እውነቴን ነው፣ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ሲያኝኩ ይሰማ ነበር። የታመመ ሰው፣ ኅዳር፣ የሰው ተራ፣ ሰንበቴ። ያ ሁሉ ነገር ተመልሶ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ የተለዋወጠው ሰዉ ብቻ ነው። እትዬ መዲና ሰውን ገፍታ መጣች። እንደምትጮህ፣ እግሩ ላይ እንደምትወድቅ ጠበቅን። ከኔ እጅ መነጽሩን ወሰደችና ራሷ ዓይኑ ላይ አደረገችለት። «ነጋን ገሊ» አለችው በኦሮምኛ፣ በሰላም ግባልኝ ማለቷ ነው፤ ድምፅዋ ለኔና ለእሱ ብቻ ነው የተሰማው። አያ ይመር «ቢስሚላህ» ብሎ ገባ። ቀይዋ መኪና ሁለቴ አስላ ተነሣች፤ የካፖርቱ ጫፍ በበሩ ወጥቶ ሲውለበለብ እስኪጠፋ ዐየነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እናቴ ስፌቷን ትታ እትዬ መዲና ዘንድ ተቀመጠች፤ እኔም ከሥራቸው። ነፋሱ የጨፋን አቧራ ይዞ መጥቶ ግቢውን ሞላው፤ ሽቦው ያለ ካፖርት ይጮኽ ነበር። ዙህር ተሰገደ። ከሰንበቴ የመጣ ሚኒባስ የለም። የአስር ሶላት ሲቃረብ አንዱ ገባ። ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት፦ «ኩርባዋ ላይ አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች። በሯ ተከፍቷል። ሰው የለባትም!»

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ደርሷል። የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ለምን እንደመጡ አይናገሩም። አንዷ ምንጣፍ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ስትደርስ ኋላዋ ሸሸገችው። ውሃ የሚቀዳው ሰው በዛ። እትዬ መዲና ግን መደቡ ላይ ተቀምጣ «አልሞተም» ትላለች፣ «እኔ ሳላውቅ አይሞትም»፤ እየደጋገመች፣ ሳታቋርጥ፣ ሰው ስም እንደሚቆጥር። እኔ ዓይኔ ያለው ባዶው ሽቦ ላይ ነበር።

መግሪብ አዛን ሲል አንድ ፍየል የጫነ መኪና ደጃችን ቆመ። ከፍየሎቹ መሃል አያ ይመር ወረደ። በሸሚዝ ብቻ ነው። ካፖርቱ የለም። መነጽሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አቧራ ብቻ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ብቻ ነጭ ክብ ቀርቷል። ሴቶቹ እልል ይበሉ ያልቅሱ ሳያውቁ ተነሥተው ቆሙ። ያቺ ባለ ምንጣፏ ሴትዮ ምንጣፏን ለመግሪብ ስግደት ያመጣች አስመስላ አነጠፈችው።

«ወይኔ ይመር! ልብሱስ?» አለች እትዬ መዲና። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ካፖርቱ በደግ አፍ ስትጠይቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

«አደረስኩት።»

«ለማን?»

ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ኩርባዋ ላይ መኪናዋን አቁሞ ከድር የወደቀበት ድረስ በእግሩ ወርዶ ነበር። ለነፍሱ ፋቲሃ ቀራ። ካፖርቱን አውልቆ እዚያው ሊተወው አሰበ፤ እጁ እምቢ አለው። ለብሶ ወጣ። ሰንበቴ ከሁሉም ኋላ ገባ፤ ጭብጨባውም ዋንጫውም አልቆ ነበር። መኪናዋን አስረክቦ በከብት ተራው በኩል ሲያልፍ፣ ግመሎቹ ከታሰሩበት ጀርባ ግራር ሥር አንድ የቆላ ሰው ተኝቷል። ብቻውን። ጥርሱ ይጋጫል፤ ከላዩ አንዲት ስስ ሽርጥ ብቻ ናት።

«ድምፁን ሰማሁት» አለ አያ ይመር፤ «የጥርሱን ድምፅ። ያኔ ከኔ አፍ የሰማሁት እሱን ነው።» «አልብሼው ስነሣ 'የማን ነው?' አለኝ። የከድር ነው አልኩት። 'መቼ ልመልስለት?' አለኝ። አትመልስም፤ በላብህ አበስብሰው አልኩት።»

እናቴ ፊቷን አዞረች። ሼሁ ቢኖሩ ኖሮ አልሀምዱሊላህ ይሉ ነበር። እትዬ መዲና የባሏን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «አሁን ተራህን ነዳህ?» አለችው።

«ነዳሁ» አላት።

ያን ሰሞን አያ ይመር ሌላ ሰው ነበር። ይዘፍናል። ሁለት ጊዜ ጋሪ ትቶ በሚኒባስ ሐርቡ ደርሶ መጣ። አንድ ቀን ጎማዎቹን ደርድሮ አሳፈረንና ከሚሴ ላይ ሳይቆም ክዳኑን ይዞ ቀጠለ። «ጨፋ!» አለ። «ኩርባ ነው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!» ጮኽን። «ሰንበቴ! ደርሰናል፣ ውረዱ!» ስንወርድ ግንባሩ ላይ ላብ ዐየሁ። እጁ ክዳኑን እንደያዘ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ሣቅሁ።

ጨዋታ አልነበረም። ወባ ነው። ያው የኅዳር ወባ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በፊት ጥሎት፣ ከዚያ መኪና አስቀርቶት የነበረው። መንገዱን ስንፈራለት የመጣው በሌላ በር ነው። እትዬ መዲና ያላትን ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ከኛም ከጎረቤትም የመጣውን ሁሉ ደረበችለት። አልሞቅ አለው። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ መልሰው አመጡት። በግድግዳው በኩል የጥርሱን ድምፅ እንሰማ ነበር፤ እናቴ እንዳልሰማ ብላ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ እኔ ሁለቱን ድምፅ መለየት አቃተኝ። አንድ ጠዋት የእናቴ መኪና ድምፅ ብቻ ቀረ።

እትዬ መዲና አላቆየችም። ሸሚዙን፣ ሽርጡን፣ ገምባሌውን፣ ገና ያልተሸጡትን በረባሶዎች ሳይቀር በሦስት ቀን ውስጥ በስሙ ሰደቃ አወጣች። «ምንም ነገር ቤቴ አይጠብቀውም» አለች። የአቧራ መነጽሩን ግን የሚፈልግ ሚስኪን ጠፋ። ለማን ይሆናል? ጥቂት ይዛው ቆመችና ለኔ ሰጠችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከስፌት መኪናዬ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አቧራ የያዘ ነፋስ ከጨፋ ሲነሣ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ከተማው ሁሉ ሊዘንብ እንዳለ ቢጫ ይሆናል፣ አይዘንብም።

የወጣቱን ጃኬት ብብት እጥፍ አድርጌ ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ኪሱን ፈተሽኩ፤ ቁልፍና አንድ መፋቂያ ነበረበት፤ አውጥቼ በእጁ ሰጠሁት።

«ይኸው፣ ይህን ያህል አይደል?» አልኩት። «ልበሰው።»

«ውጭ እኮ ሐሩር ነው እትዬ ዘይነባ!»

«ልበሰው አልኩህ።»

እየሣቀ ለበሰው፤ ሞተሩን አስነሣ። እኔም በር ድረስ ወጥቼ «ነጋን ገሊ» አልኩት። ወደ ሰንበቴ ታጥፎ አቧራው እስኪሸፍነው ቆሜ ዐየሁት። ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሰው ልብስ አልነበረም።